ዮስቲና፦ በግሸን በዓል ቀን የሚነበብ ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከእናቱ ጡት ቀጥሎ የሚቀበለው ስጦታ ስም ነው። አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ስሙን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ የሚዞረው ግን ባለ ስሙ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም መልካም ስምን ከሀብት አስበልጦ አስተምሮናል (ምሳ. 22፥1)። በዚህ ጽሑፌ ስለ አንድ በአገራችን ብዙ ስለማይሰማ የሴት ልጅ ስም ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ስሙ «ዮስቲና» ነው። ስለ ሌላ ሰው ስም እንዳልናገር፣ ስሙ የራሴ ነው።

የተወለድኩት በአምባሰል፣ ከግሸን ደብረ ከርቤ አምባ ግርጌ፣ በመስከረም 21 ቀን ነው። በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ አምባው ይወጣል። አያቴ በአጥቢያችን ስንክሳር ያነብ ስለ ነበር፣ ልጅ መወለዱን ሲሰማ የዕለቱን ንባብ ገልጦ ስም አወጣልኝ። በ80 ቀኔ ስጠመቅ የክርስትና ስሜ ወለተ መስቀል ተባለ፤ መጠሪያዬ ግን አያቴ ያወጣው ሆኖ ቀረ። በመንደራችን ሁለተኛ ዮስቲና አልነበረችም። ጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ «ዮስጢና»፣ አንዳንዶቹም «የስጢና» እያሉ እንደ አፋቸው ይጠሩኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ አንድ መምህር «ትክክለኛው ጀስቲና ነው» ብለው አረሙኝ፤ ክፍሉም ሳቀ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ሰው ስሜን በሰማ ቁጥር «የፈረንጅ ስም ነው?»፣ «ካቶሊክ ነሽ እንዴ?» ይለኝ ጀመር። እኔም ጥያቄው ሲሰለቸኝ ስሜን ቆርጬ «ቲና በሉኝ» አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ አጭር ነው፣ ዘመናዊ ነው። እኔም ተገላገልኩ።

እንግዲህ ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሀ. ስሙ ከየት መጣ?

«ዮስቲና» የላቲን ስም ነው። በጥንታዊት ሮማ ሰዎች ቋንቋ «ዩስቱስ» ማለት ጻድቅ፣ ቅን፣ ፍርድ የማያጓድል ማለት ነው። ከዚህ ቃል «ዩስቲኑስ» የሚለው የወንድ ስም፣ «ዩስቲና» የሚለውም የሴት ስም ወጣ። በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ ክርስቲያኖች ጥብቅና ጽፎ በሮማ የተሠዋው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን በቁስጥንጥንያ የነገሠው ዮስጢኒያኖስም ስማቸው ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። የሮማ ሰዎች የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ እንደ እኛ «የ» አድርገው ይናገሩት ነበር። በ«ጀ» መጥራት የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ በክፍላችን ከተሳቀበት ይልቅ የአምባሰል ገበሬ አፍ ወደ ጥንቱ ይቀርብ ነበር ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንንም ብንገልጥ ይህን ስም በወንድ አንቀጽ እናገኘዋለን። በይሁዳ ፈንታ ሐዋርያ ይሆን ዘንድ ከማትያስ ጋር ለዕጣ የቀረበው ዮሴፍ፣ ኢዮስጦስ የሚል ቅጽል ስም ነበረው (ሐዋ. 1፥23)። በቆሮንቶስ ቅዱስ ጳውሎስ የገባበት ቤት ባለቤትም፣ በቈላስይስ መልእክት ሰላምታ ያቀረበው ኢያሱም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር (ሐዋ. 18፥7፤ ቈላ. 4፥11)። በአገራችንም ከ1711 እስከ 1716 እ.ኤ.አ. በጎንደር የነገሠው ንጉሥ ስሙ ዮስጦስ ነበር። ወንዱ ስም ዙፋን ላይ ከተቀመጠ ሴቷ ስም ለምን ባዕድ ትባላለች?

ነገሩን ስንመረምር የሮማ ስም በቤታችን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ጳውሎስ የላቲን ስም ነው፤ ትንሽ ማለት ነው። ማርቆስም የላቲን ነው። ከሕፃኗ ቂርቆስ ጋር በየዓመቱ የምናከብራት ኢየሉጣ፣ ስሟ ዩልዮስ ከሚለው የሮማውያን ስም የወጣ ነው። ንጉሥ ገላውዴዎስ የተጠራበትም ስም ክላውዲዮስ የሚለው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ግማደ መስቀሉን በግሸን ያስቀመጠው ንጉሥ ነገር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲነግሥ የወሰደው የንግሥ ስም ቈስጠንጢኖስ ነበር። ይህም በላቲን ጽኑ፣ የማይናወጥ ማለት ነው። መስቀሉን ካስወጣችው ከንግሥት እሌኒ ልጅ ስሙን ወስዶ፣ የመስቀሉን ክፋይ በአምባችን አኖረ። በመጽሐፈ ጤፉት የተጻፈው ታሪክ እንደሚነግረን ይህ የሆነው በመስከረም 21 ቀን 1446 ዓ.ም. ነው፤ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖር በራእይ ታዝዞ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራችውን ይህችን አምባ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ደክሟል።

ዮስቲና የሚለው ስም ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ ከመስቀሉ መንገድ ጋር አንድ ነው። ስንክሳራችን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። መጽሐፉ የመጣው ከግብፅ ክርስቲያኖች ነው። ግማደ መስቀሉንም የዘርዐ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት ከግብፅ እንዳስመጣው ትውፊታችን ይነግረናል። መስቀሉና ስሙ በአንድ ዘመን፣ በአንድ በር ገቡ፤ በአንድ ቀንም ይታሰባሉ። በመጽሐፉ ስሟ አንዳንድ ጊዜ «ዮስቴና» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ ዛሬ ሴት ልጅን በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ነው። በእኛ አገር ግን በመጽሐፍ ቀርቶ ወደ ሰው አልወረደም።

ለ. ድንግሊቱ ዮስቲና

ታሪኳ ይህ ነው። ዮስቲና በአንጾኪያ የምትኖር ድንግል ነበረች። አንድ ጎልማሳ ወደዳትና ሊያገባት ፈለገ፤ እርሷ ግን ራሷን ለእግዚአብሔር ለይታ ነበርና እሺ አላለችውም። ልመናውም ገንዘቡም ባልጠቀመው ጊዜ ቆጵርያኖስ ወደሚባል ታላቅ ጠንቋይ ሄደ። ቆጵርያኖስ አጋንንቱን አንድ በአንድ ላከባት። እርሷ ግን በጸሎትና በትእምርተ መስቀል ትቆም ነበርና ሁሉም አፍረው ተመለሱ። በ379 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት የዚህችን ድንግል ታሪክ ሲሰብክ፣ በዚያ ጭንቀቷ ሰዓት ድንግል ማርያምን ለተጨነቀች ድንግል እንድትደርስላት እንደ ለመነቻት ተናግሯል። ሊቃውንት ይህን ቃል እመቤታችንን ስለ መለመን ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። የሰማዕቷ መታሰቢያ በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል በ21 መዋሉን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ቆጵርያኖስ በአጋንንቱ ላይ ተቆጣ፤ ልጅቱን ካላመጣችሁልኝ ክርስቲያን እሆናለሁ አላቸው። የአጋንንቱም አለቃ ሊያታልለው አስቦ አንዱን ጋኔን መልኳን፣ ቁመናዋን፣ ልብሷን አስመስሎ ላከው። «እነሆ መጣች» ተባለ። ቆጵርያኖስ ደስ ብሎት ተነሣና በስሟ ጠርቶ እንኳን ደኅና መጣሽ ሊል አፉን ከፈተ። ዮስቲና የሚለው ስም ከአፉ እንደ ወጣ ያ መልክ እንደ ጢስ በንኖ ጠፋ።

ቆጵርያኖስ ብልህ ሰው ነበርና ወዲያው አስተዋለ። ስሟን ሰምተው መቆም ያልቻሉ በፊቷ እንዴት ሊቆሙ ይችላሉ? እርሷ በምታመልከው አምላክ ፊትስ? የጥንቆላ መጻሕፍቱን አቃጠለና ተጠመቀ፤ ከጊዜ በኋላም ለጵጵስና በቃ። ዮስቲናም የደናግል እመ ምኔት ሆነች። በመጨረሻም ሁለቱም በአንድነት በሰይፍ ተሠዉ። በእኛ ስንክሳር ዘመኑ የዳኬዎስ ነው፤ በሌላው የምሥራቅ ትውፊት ደግሞ የዲዮቅልጥያኖስ ነው፣ ቦታውም ኒቆምድያ ይባላል። ዘመኑ ቢለያይም ስሙና ፍሬው አንድ ነው።

ሐ. በግሸን የጠየቁኝ አባት

እኔ ይህን ታሪክ አያቴ በልጅነቴ ነግሮኝ ነበር፤ ግን እንደ ተረት ሰምቼ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ግሸን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለበዓሉ ወደ አምባው ወጣሁ። የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዙሪያው ገደል ነው፣ መግቢያው ጠባብ ነው፣ በቀደመው ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረውም ስለዚህ ነው። ሽማግሌው በምርኩዙ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ጎልማሳው ስንቁን ተሸክሞ፣ ሁሉም እያዜመ ይወጣል። እኔ ሌሊቱን ስወጣ ስለ ደከመኝ ጠዋት ስንክሳሩ ሲነበብ ከአንድ ጥግ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ኋላ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የሰዎችን ስም ለጸሎት ሲቀበሉ አየሁና ቀረብኩ።

«ስመ ክርስትናሽ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ወለተ መስቀል» አልኩ።

«መጠሪያሽስ?»

«ቲና።»

«ቲና ምን ማለት ነው?»

«ትርጉም የለውም አባ፤ ማሳጠሪያ ነው።»

«የምን ማሳጠሪያ?»

አመነታሁ። ከዚያ «ዮስቲና ነው አባ» አልኩ።

አባ ቀና ብለው አዩኝና «ዛሬ እኮ ቀንሽ ነው! ጠዋት ስትነበብ አልሰማሽም?» አሉኝ። አለመስማቴን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ታሪኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወቱኝ። ያ የሐሰት መልክ ስሟ ሲጠራ እንደ በነነ ሲነግሩኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

መ. የራሴ ነገር

በዩኒቨርሲቲ ማደሪያችን በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን የአንዷ ገንዘብ ጠፋ። ሁሉም ወዲያው ወደ አንዲት ልጅ ተመለከቱ፤ ከገጠር የመጣች፣ ሁለት ቀሚስ ብቻ ያላት፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ገንዘቡ ጠፋ በተባለበት ሰዓት ያች ልጅ ከእኔ ጋር በቤተ መጻሕፍት ነበረች። ከምሳ በኋላ ገብተን የወጣነው ሲመሽ ነው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጅቱም ወደ እኔ አየች፤ እንድናገርላት ጠበቀች። እኔ ግን አልተናገርኩም። ብናገር ጓደኞቼ ይጠሉኛል፣ ከእርሷ ጋር ተባብራለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። መጽሐፌን ገልጬ የማነብ መሰልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ፍራሿን ተሸክማ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች።

በግሸን ያ ታሪክ ሲነገረኝ የታየኝ ይህ ነው። ከስሜ ላይ የቆረጥኩት የትኛውን ነበር? «ዮስ» የሚለውን፣ ጽድቅንና ቅን ፍርድን የሚሸከመውን ነው። ለራሴ ያስቀረሁት «ቲና» ጅራቱ ነው፤ ለብቻው ምንም አይልም። ስሙን በአፌ ከመቁረጤ በፊት በሥራዬ ቆርጬው ነበር። የዮስቲና መልክ ይዤ፣ በዮስቲና ስም መዝገብ ላይ ተጽፌ፣ ስሙ በሚጠራበት ሰዓት ግን በንኜ የጠፋሁ እኔ ነኝ። በሰርዴስ የነበረችው ቤተ ክርስቲያንም በሕይወት እንዳለች የሚያስመስል ስም ኖሯት ሞታ በመገኘቷ ተወቅሳለች (ራእ. 3፥1)። ያ ወቀሳ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

ለአባም ይህን ሁሉ ተናዘዝኩ። «ሄደሽ ተናገሪ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ብዙ ቃል አልጨመሩም።

ትምህርት ሲከፈት በክፍላችን ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። አንዷ «ያለፈ ነገር ነው፣ ምን ይቀሰቅሰዋል?» አለችኝ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ወደዚያች ልጅ ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ያን ዕለት ብትናገሪ ኖሮ» አለች። ተመልሳ ልብሷን ማጠብ ጀመረች። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ይቅርታ አደረግሁልሽ አላለችኝም፤ እኔም የመጠየቅ መብት እንዳለኝ አልተሰማኝም። አሁን ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። የዘገየ እውነት እንደ ዘገየ ዝናብ ነው፤ የደረቀውን አዝመራ አይመልስም፣ ለሚቀጥለው ዘር ግን መሬቱን ያለሰልሳል።

ከዚያ ወዲህ ስሜን የሚጠይቀኝ ሁሉ ሙሉውን ይሰማል።

ሠ. እንግዲህ ምን እንማር?

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዘመናችን ብዙ ሰው ለልጁ ስም ሲመርጥ በጆሮው ይመርጣል። ይህ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮስቲና የሚለው ስም ለጆሮ የጣመው እንደ ሐና፣ እንደ ዲና በለሰለሰ ድምፅ ስለሚያልቅ ይሆናል። ብርቅ ስለ ሆነም ይማርካል፤ ሰው የማንም ያልሆነውን ይወዳልና። ይሁን እንጂ የስም ድምፁ በር ነው፤ በበሩ ገብተን በውስጡ ማን እንዳለ ካልጠየቅን ከደጅ ቆመን ቀረን ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የማናውቀውን ስም ስንሰማ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ። የፈረንጅ ነው ብለን የናቅነው ስም አባቶቻችን ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በብራና የጻፉት ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በገዛ ቋንቋችን የወጣውን የወንድማችንን ወይም የእኅታችንን ስም የገጠር ስም ነው ብለን አናሳፍር። ያች የተገፋችው ልጅ በስሟም ይሳቅባት ነበር።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን የስማችንን ባለቤት እንወቅ። መጠሪያችን የቅዱስ ስም ባይሆን እንኳ የክርስትና ስም አለን። ወለተ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ መስቀል የሚለው ስም ከጥምቀት ቀን በኋላ በሣጥን የሚቀመጥ ወረቀት መሆን የለበትም። የመላእክቱን፣ የእመቤታችንን፣ የመስቀሉን ታሪክ አንብበን፣ በስማቸው የተጠራንበትን ምክንያት ወላጆቻችንን እንጠይቅ። አያቶቻችን ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ እኔ ዘግይቻለሁ፣ አያቴ ዛሬ የለም።

ሦስተኛ፣ ስማችን ሲጠራ የምንቆም እንሁን። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል (ዮሐ. 10፥3)። የሚጠራን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። አፍ ለሌለው እንድንናገር ታዝዘናልና (ምሳ. 31፥8) አንድ ሰው በሐሰት ሲከሰስ፣ ድኃ ሲገፋ፣ እኛም እውነቱን ስናውቅ፣ በዚያች ደቂቃ ስማችን እየተጠራ ነው። ያን ጊዜ የምንቆም ወይስ የምንበን? በግቢ፣ በሥራ፣ በሰፈር ይህ ጥያቄ ወደ ሁላችን ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ ወድቄበታለሁ፤ እናንተ እንዳትወድቁበት ብዬ ጽፌዋለሁ።

በመስከረም 21 ወደ ግሸን የምትወጡ ካላችሁ እንደ እኔ በድካም አትተኙ፤ ስንክሳሩ ሲነበብ ጆሯችሁን ስጡ። የእመቤታችን በዓልና የግማደ መስቀሉ መታሰቢያ ትልቅ ነውና የሰማዕቷ ስም በፍጥነት ያልፋል። ድል ለነሣ የሚሰጠውን፣ ከሚቀበለው በቀር ማንም የማያውቀውን አዲስ ስም (ራእ. 2፥17) ለመቀበል እንድንበቃ፣ አሁን የተሰጠንን ስም በታማኝነት እንያዝ።

የድንግል ማርያም ልመና፣ የግማደ መስቀሉ ኃይል፣ የሰማዕታት የቆጵርያኖስና የዮስቲና ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።